ኤልሞድ፦ አንድ ሰርቨር ለሚጋሩ የድሬና የሐረር ላቦች ያዋጣል?

ለገሃር ያለው የድሮው ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ አዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ እንደማይሄድ ድሬ ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ የሚሞክረውም የለም። በጋራ ሰርቨር ላይ ግን ይኸው ነገር ደጋግሞ ይሞከራል። በጂፎርትራን ኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም በሚቀይር መሣሪያ) የተሠራ የኔትሲዲኤፍ ላይብረሪ (የሳይንስ ዳታ ፋይሎችን የሚያነብና የሚጽፍ የኮድ ስብስብ) በኢንቴል ኮምፓይለር ለሚገነባ የአየር ሁኔታ ሞዴል ይሰጣል፤ በብዙ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ክፍሎቹ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው የኤምፒአይ ላይብረሪዎች በአንዱ፣ በኦፕን ኤምፒአይ፣ የተሠራው ከሌላው፣ ከኤምፒአይሲኤች፣ ጋር ይገጠማል። ከዚያ ፕሮግራሙ ወይ አይገነባም፣ ወይ ተገንብቶ ሲነሳ ይወድቃል። በጋራ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚፈልገውን ፕሮግራምና ቨርዥን የሚያስመርጠው የኤልሞድ ሥራ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አስቀድሞ መከልከል ነው፤ ይህንንም በደንብ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው።

ኤልሞድ በቴክሳስ አድቫንስድ ኮምፒዩቲንግ ሴንተር የተሠራ፣ በሉዋ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ኢንቫይሮንመንት ሞጁልስ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ይታወቃል፤ ለዚያ በቲሲኤል ቋንቋ የተጻፉትን ፋይሎችም ኤልሞድ ያነባል። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ በአፕት ትእዛዝ፣ ሮኪ ሊኑክስ ላይ ኤፔል ከተባለው የተጨማሪ ፕሮግራሞች ማከማቻ ይጫናል። ራሱ ግን ምንም ፕሮግራም አይጭንም። «ሞጁል ሎድ» ሲባል ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች የት እንደሚፈለጉ የሚወስኑትን ፓዝን፣ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝንና መሰሎቻቸውን ያስተካክላል፤ «ሞጁል አንሎድ» ሲባል ወደነበሩበት ይመልሳል። ስለዚህ የስታቲስቲክስ ቋንቋው አር 4.3 እና አር 4.4 በየፎልደራቸው ተጭነው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ተማሪ የመረጠው የሌላውን አይነካም።

ዋናው ብልሃት እርከኑ ነው። ሞጁል ፋይሎቹ በሦስት ደረጃ ይቀመጣሉ፦ ኮር፣ ኮምፓይለር፣ ኤምፒአይ። መጀመሪያ የሚታየው ኮር ብቻ ነው። ጂሲሲ 12 የተባለው ኮምፓይለር ሎድ ሲደረግ በዚያ የተገነቡት ላይብረሪዎች ይገለጣሉ፤ ኦፕን ኤምፒአይ ሲጨመር ደግሞ በሁለቱ ጥምረት የተገነቡት። ኮምፓይለሩ ሲቀየር ኤልሞድ በሥሩ ያሉትን ሁሉ ለአዲሱ በተገነቡት ይተካል፤ ተተኪ ያላገኘለትን «ኢንአክቲቭ» ብሎ ይዘግበዋል። የማይገጥም ጥንድ እጅ ላይ አይቀርም።

ዋጋው ግን አለ። አዲስ ተጠቃሚ «ሞጁል አቬይል» ብሎ ኔትሲዲኤፍን ሲያጣ አልተጫነም ብሎ ይደመድማል፣ ቤቱ ሄዶም እንደገና ለመገንባት ሁለት ቀን ያባክናል። አቬይል የሚያሳየው አሁን ሎድ ሊደረግ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚያሳየው «ሞጁል ስፓይደር» ነው። ከነቨርዥን ቁጥሩ ሲጠየቅ ቀድሞ ምን ሎድ መደረግ እንዳለበትም ይናገራል። ይህቺን ትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፎ የላቡ በር ላይ መለጠፍ ከግማሽ ቀን ሥልጠና ይሻላል። አንድ ኮምፓይለር ብቻ ላለው ሰርቨር እርከን ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሁሉንም በአንድ ደረጃ መደርደር ይበቃል።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያበላሸው ወጥመድ «ዲፎልት» ነው። ቨርዥን ሳይጠቀስ «ሞጁል ሎድ አር» ከተባለ፣ በአስተዳዳሪው የተመረጠ ዲፎልት ከሌለ ኤልሞድ ከፍተኛውን ቁጥር ይወስዳል። አር 4.4 በተጫነ ማግስት በ4.3 ሲሠራ የነበረው ሁሉ ሳያውቅ ይሻገራል። አር የተጠቃሚውን ፓኬጆች በ4.3 እና በ4.4 ለየብቻ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ አዲሱ ባዶ ነው፤ ስክሪፕቱ «ፓኬጁ የለም» ብሎ ይቆማል። ሊኑክስ ላይ ብዙዎቹ ፓኬጆች ከምንጭ ኮድ ስለሚገነቡ መልሶ መጫን ረጅም ሰዓትና ብዙ ዳታ ይበላል። ተጠቃሚው ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥሩን፣ ለምሳሌ 4.3.2 ብሎ ይጻፍ። አስተዳዳሪው ደግሞ በአር ፎልደር ውስጥ «ዲፎልት» የሚል ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ወደ ነባሩ ቨርዥን ይጠቁም፤ ለውጡም በሴሚስተር መሐል አይደረግ።

ሞጁል ፋይል መጻፍ ቀላል ነው፤ ፎልደሩ በሶፍትዌሩ ስም፣ ፋይሉ በቨርዥኑ ይሰየማል፣ ውስጡም ብዙ ጊዜ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ጥንቃቄ የሚሻው ሞጁሉ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ሞጁሎች የሚጠራው የዲፔንደንሲው መስመር ነው። «ሎድ» የሚለው ተግባር ሲገባ ያስገባል፣ ሲወጣም ያስወጣል፤ ያንኑ ላይብረሪ ሌላ ሞጁል ይፈልገው አይፈልገው አይመለከትም። «ዲፔንድስ ኦን» ግን ስንቱ እንደሚፈልገው ቆጥሮ የመጨረሻው ሲወጣ ብቻ ያነሳዋል። «ፕሪሬክ» ደግሞ ራሱ አያስገባም፤ ተፈላጊው ከሌለ እንቢ ይላል። ለአብዛኛው ሥራ መሀለኛው ትክክል ነው። ለኮምፓይለሮቹ «ፋሚሊ» የሚለው መስመር ቢጨመር ሁለት ኮምፓይለር አንድ ላይ አይገቡም።

የፓይተንና የሌሎች ፓኬጆች መጫኛ የሆነው ኮንዳ ከኤልሞድ ጋር አይዋደድም። ቤዝ የሚባለው አካባቢ ሎግኢን ሲደረግ ራሱ ከተነሳ የራሱን ፓይተን ከፊት ያስቀድማል፤ በሌላ በኩል ሞጁሎቹ የሚያስተካክሉት ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የኮንዳን ፕሮግራሞች የማይሆን ላይብረሪ ያስጨብጣቸዋል። «ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ 3.4.29 አልተገኘም» የሚል ስህተት ከታየ በጂሲሲ 11 ወይም ከዚያ በኋላ የተገነባ ነገር የቆየ የሲፕላስፕላስ ላይብረሪ ላይ ወድቋል ማለት ነው። «ኤልዲዲ» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ የትኛውን የላይብረሪ ፋይል እንደያዘ ያሳያል። መፍትሔው የቤዝን ራስ በራስ መነሳት መዝጋትና ኮንዳ ከመነሳቱ በፊት «ሞጁል ፐርጅ» ብሎ ሞጁሎቹን ሁሉ ማስወጣት ነው።

ሥራን በተወሰነ ሰዓት ራሱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ የተቀመጠ ስክሪፕት «ሞጁል፦ ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ የኤልሞድ ማስጀመሪያ ፋይል አልተነበበም፤ በስክሪፕቱ አናት ላይ በ«ሶርስ» ትእዛዝ ይጠራ። የአቬይልን ውጤት ጽሑፍ በሚፈልገው የግሬፕ ትእዛዝ ማጣራት ያቃተው ሰውም አይገረም፤ ኤልሞድ የሚያወጣው ለስህተት መልእክት በተለየው መስመር፣ በስታንዳርድ ኤረር በኩል ነው።

ፕሮግራሞቹን ለመገንባት ከጌንት ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኢዚቢልድ ወይም የአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ስፓክ ይታከልበት፤ ሁለቱም ሞጁል ፋይሉን ራሳቸው ሊጽፉ ይችላሉ። ለእኛ ሀገር ኔትወርክ ትልቁ ጥቅም ማውረድንና መገንባትን መለየት መቻሉ ነው፦ በኢዚቢልድ «ፌች»፣ በስፓክ «ሚረር»። ምንጩ ሌሊት ይወርዳል፣ ግንባታው መብራት ባለበት ሰዓት ይካሄዳል። ኮምፓይለር መገንባት ሰዓታት ይፈጃል፤ በድሬ የግንቦት ሙቀት ኤሲ በሌለው ክፍል የፕሮሰሰሩን ኮሮች ሁሉ ሥራ ላይ ማዋል ደግሞ ማሽኑን ከማፍላት በቀር ሌላ ትርፍ የለውም፣ ስለዚህ በግማሹ ይገደብ። ሐረር ላይ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ብቻውን በላፕቶፑ ለሚሠራ ሰው ኤልሞድ ትርፍ ድካም ነው፤ ኮንዳ ይበቃዋል። ሦስት አራት የምርምር ቡድን በአንድ ሰርቨር ላይ ካለ ግን፣ ሞጁል ፋይሎቹን የሚጽፍ አንድ ሰው እስከተመደበ ድረስ፣ ከዚህ የተሻለ ነፃ አማራጭ ማግኘት ከባድ ነው። የድሮ ቨርዥን ማስወገድ ሲያስፈልግም ወዲያው አይሰረዝ። የፋይሉ ስም በነጥብ እንዲጀምር ቢደረግ ከአቬይል ዝርዝር ይሰወራል፤ ቁጥሩን ከነነጥቡ ጠርቶ ለሚያስገባው ግን ይሠራል። ሎድ በተደረገ ቁጥር «ይህ ቨርዥን ሐምሌ 30 ይወገዳል» የሚል ማስታወቂያ እንዲወጣም የአስተዳዳሪ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል።