በሮቶ ጎን ላይ የተለጠፈ ሴንሰር፦ የብር ቀለም እስክሪብቶ ግምገማ

ባሕር ዳር ውስጥ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ጠብቆ ሮቶ የሚሞላ ሰው፣ በመሰላል ወጥቶ ክዳን መክፈት ምን ያህል እንደሚያሰለች ያውቃል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብር ቀለም የተሞላበትን እስክሪብቶ የገዛሁት የውሃውን ከፍታ ከውጭ የሚለካ ሴንሰር ሠርቼ ይህን ድካም ለማስቀረት ሲሆን፣ አንድ ክረምት ከተጠቀምኩበት በኋላ ዋጋውን ያወጣል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ቀለሙ ሲደርቅ ፈሳሹ ተንኖ የብር ቅንጣቶቹ ስለሚነካኩ፣ የተሰመረው መስመር እንደ ሽቦ ያገለግላል። በቀጭን ፕላስቲክ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም መስመሮችን አስምሬ በሮቶው ጎን ከላይ እስከ ታች ለጠፍኳቸው። የአየር ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (አንድ ነገር ካፓሲታንስን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ቁጥር) 1፣ የውሃ ደግሞ 80 ገደማ በመሆኑ፣ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር በመስመሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም፣ ይጨምራል፤ ከመስመሮቹ ጋር ያገናኘሁት አርዱይኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይህን ለውጥ ስለሚያነብ ሮቶውን መብሳት አላስፈለገኝም።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ መስመሩ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም ወይ ብለው ነው። መልሱ በእጥፋቱ ጥበት ይወሰናል፦ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ 50 ሳንቲሜትር ራዲየስ ባለው ሮቶ ላይ ሲጠቀለል የውጭ ፊቱ የሚለጠጠው 0.01 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ 5 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ ግን 1 በመቶ ይደርሳል። በእርግጥም በቱቦ ላይ የጠቀለልኩት ሙከራ በቴስተር ስለካው ተቋርጦ አገኘሁት። በፋብሪካ ደረጃ ቀለሙን እንደ ጭጋግ ከጥቂት ሚሊሜትር ርቀት እየረጩ በቀጥታ በጎባጣ ገጽ ላይ የሚያትሙ ማሽኖች ስላሉ፣ እዚያ ፕላስቲኩን መጠቅለል የሚባል ጣጣ የለም።

ቅሬታዬ በሻጩ ላይ ነው፤ ስለ ሙቀት አንድም ነገር አልነገረኝም። ቀለሙን በፀጉር ማድረቂያ ፎን ማሞቅ መስመሩን በደንብ ያሻሽለዋል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያሰመርኩበት ተራው የፖሊስተር ፕላስቲክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚለሰልስ፣ ፎኑን ሳስጠጋው የመጀመሪያው ፕላስቲክ ጠርዙ ተጨማዶ ተበላሸብኝ። ሙቀት የሚችለው ፖሊኢማይድ የተባለው ቢጫማ ፕላስቲክ ነው። ሽቦ ለማያያዝ በካውያ ሊድ ሳቀልጥበትም ብሩ በሊዱ ውስጥ ሟሟና ነጥቡ ባዶ ቀረ፤ በመጨረሻ የመዳብ ፕላስተር አጣብቄ ገላገልኩት።

የጣና ዳር ክረምት እርጥበት ሌላው ፈተና ነው፤ መስመሮቹ እርጥበት ነክቷቸው ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ብሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊያገናኛቸው ይችላል። ስለዚህ እስክሪብቶውን የሚገዛ ሰው የመዳብ ፕላስተርና ቫርኒሽ አብሮ ይግዛ። በእኔ ሮቶ ላይ ከሐምሌ ወዲህ የጠቆረው፣ ቫርኒሹ ያልደረሰበት የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው።