ለቦሎ ብዬ የገዛሁት የዲስክ ፍሬን፣ ከአሥር ወር በኋላ

የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከተማው ልገባ ስል መኪናዬን ጥግ አስይዤ የፊት ቸርኬውን በእጄ መዳበስ ልማድ ሆኖብኛል። አምና እጄን መንጭቄ እመልስ ነበር። ዘንድሮ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ዕቃውን በአጭሩ ገምግም ብባል ይህንኑ ብዬ ዝም ባልኩ። ግን እዚህ እስክደርስ የበላሁትን ፍዳ ሌላው ሰው እንዳይበላ ልዘርዝረው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ የ1966 ሞዴል ቮልስ ነች፣ ባለ 1300 ሞተር። የአባቴ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. ከተማውን ለቀን ስንመለስ ባትሪ፣ ጎማና የፊት መቀመጫ የሌላት ቀፎ ሆና ጠበቀችን። ሁለት ዓመት ያህል ላስቲክ ለብሳ ከቆመች በኋላ ግቢ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈታትቼ እንደ አዲስ ገጣጠምኳት። ቮልስ ለእንዲህ ያለ የጓሮ ሥራ ትመቻለች። ቀፎው ከታችኛው ሻንሲ ጋር የተያያዘው በቡሎን ስለሆነ፣ ዙሪያውን ፈትተህ ጎረምሳ ከጠራህ ተሸክሞ ያወርድልሃል። እኛ አምስት ሆነን አወረድነው፤ ስድስተኛዋ እማዬ ነበረች፣ እሷ የተሸከመችው ግን ምክሩን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለችንን አጥብቆ መያዝ ነው እንግዲህ።

ለቦሎ የሚደረገው የመጀመሪያው ምርመራ ላይ መሪው፣ ጎማው፣ ጥሩምባው ሁሉ አልፎ ፍሬን ላይ ወደቅሁ። የፊት ጎማዎቹ የፍሬን ጉልበት የሚለካው ሮለር ላይ ወጡ፣ ረገጥኩ፣ ስክሪኑ ላይ የግራው ቁጥር የቀኙን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ታየ። መርማሪው ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ይቺ ስትረግጣት ወደ ቀኝ ትስብሃለች አይደል?» አለኝ። ትስበኝ ነበር። እኔ ግን የመንገዱ ዘንበል ይመስለኝ ነበር።

እቤት ገብቼ ታምቡሮውን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን የድሮውን የፍሬን ከበሮ፣ ከፍቼ እንኳ ሳላይ ነው ውሳኔ ላይ የደረስኩት። ውጭ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለበዓል ሲመጣ ለዚያው ለቮልስ የተሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ኪት አሸክሜ አስመጣሁት። ሻንጣው ከልብስ ይልቅ ብረት የበዛበት ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ ከነመሐሉ፣ ሁለት ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነው)፣ አራት ፓድ (ዲስኩን ከግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዘው)፣ ካሊፐሩ የሚታሰርበት ወፍራም ላሜራ፣ ሁለት የጎማ ቱቦ፣ ኩሽኔታዎችና አንድ ከረጢት ቡሎን ነበር። የድሮውን ባለ አምስት ቡሎን ቸርኬ እንዲቀበል ተደርጎ ስለተበሳ ቸርኬ መቀየር አላስፈለገኝም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መመሪያ ተብሎ የመጣው አንድ ገጽ ሥዕል ነው። «ፈትተህ ግጠም፣ አለቀ» ዓይነት ነገር።

ታምቡሮውን ሳወልቅ ጉዱ ወጣ። በግራ በኩል የፍሬን ሲሊንደሩ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ ሸራውን (ታምቡሮውን ከውስጥ እየተጫነ የሚይዘውን) አርሶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ምኑን ይይዛል? መኪናዋን ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃት የድሮ መካኒክ መጥቶ አየና ሳቀብኝ። «አንት ልጅ፣ ይቺን ጎሚኒ ለውጠህ ሸራውን በአዲስ ብታስመታ ኸዚህ ሁሉ ጣጣ ትድን አልነበር?» እውነቱን ነው። ለቦሎ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ለቦሎ አያስፈልገኝም ነበር። ደህና የተስተካከለ ታምቡሮ ሮለሩ ላይ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ ያልፋል። ይህን መጀመሪያ የምጽፈው፣ ምርመራ ደረሰ ብላችሁ ኪት ልታዝዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ታምቡሮውን እንድትከፍቱ ነው።

ታዲያ ለምን ገጠምኩት? በሐረጎ ምክንያት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ያን ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ በዚያ ጥምዝምዝ ላይ ነው የምትጨርሰው። ታምቡሮ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ከፊትህ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ እየዘገመ፣ ከኋላህ ሚኒባስ መብራት እያበራብህ፣ ፔዳሉ እግርህ ሥር ሲለሰልስ የሚሰማህን ስሜት የደሴ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ዲስክ ደግሞ ሲግል ወደ ፓዱ ነው የሚወፍረው፤ ነፋስም በቀጥታ ያገኘዋል። በሁለተኛ ማርሽ መውረድን ግን አይተካም። አንዳንዱ ዲስክ ገጠምኩ ብሎ በአራተኛ ይለቃታል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ገጠማው አንድ ቅዳሜ ያልኩት ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የግራው የፊት ዘንግ ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዞረው ይፈታል። ይህን ያላወቀ ሰው የቧንቧ ብረት ቁልፉ ላይ ቀጥሎ ሲጫን እያጠበቀው ነው። እኔ አውቄዋለሁ ማለት አልችልም፤ ያወቅሁት ካላበኝ በኋላ ነው። ካሊፐሩ ተገጠመ፣ ቱቦው ታሰረ፣ ታናሽ እህቴ ፔዳሉን እየረገጠች እኔ ከሥር አየሩን አወጣሁ። «ያዢ!» «ያዝኩ!» «ልቀቂ!» ስንባባል የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለው አብረው ይጮኹ ነበር።

ሐረጎ ስላስፈራኝ ያንኑ ቀን የፍሬን ማስተሩንም (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን) ቀይሬ ነበር። የ1966ቱ ቮልስ አራቱንም ጎማ በአንድ መስመር ነው የሚያስራቸው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ፍሬን የለህም። የኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ያለውን፣ የፊትና የኋላው መስመር የተለያየበትን ማስተር አገኘሁና ገጠምኩት። እዚህ ላይ ነው ኪቱ ያሳፈረኝ። የመጀመሪያ ቀን እስከ ቦሩ ሜዳ ደርሼ ስመለስ መኪናዋ እየከበደች፣ ነዳጅ እየረገጥኩ እየተጎተተች መጣች። ወርጄ ውኃ ጠብ ባደርግበት ዲስኩ ጢስ አለ። ሁለት ሳምንት ካሊፐሩን ስጠረጥር ከረምኩ፤ ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ያው ነው። መድኃኒቱን ያገኘው እኚያው መካኒክ ናቸው። ለታምቡሮ የተሠራ ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እግርህን ስታነሳ እንኳ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ታምቡሮ ውስጥ ሸራውን ወደ ኋላ የሚጎትት ሞላ ስላለ ግፊቷ አትጎዳውም። ዲስክ ግን ሞላ የለውም፣ ፓዱ እንደተለጠፈ ይቀራል። ወደ ፊት ጎማ በሚሄደው መስመር ያለችውን ቫልቭ አወጣናት፣ የኋላዋን ተውናት፤ አለቀ። የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ስለሷ መመሪያው ላይ አንድ ቃል የለም።

ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ ያስቃል። የቮልስ የፍጥነት ቆጣሪ ገመድ የሚነሳው ከካምቢዮ አይደለም፤ ከግራው የፊት ጎማ ነው። ገመዱ በዘንጉ መሐል አልፎ፣ ቸርኬው መሐል ያለችውን የግራሶ ክዳን በአራት ማዕዘን ቀዳዳ በስቶ በትንሽ ስፒና ይያዛል፤ ክዳኗ ስትዞር ቆጣሪው ይዞራል። ከኪቱ ጋር የመጡት ሁለት ክዳኖች ግን ሁለቱም ድፍን ናቸው! አሮጌውን ልግጠም ብል በዲያሜትር አይገናኝም። ሦስት ሳምንት ቆጣሪዬ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሄድኩ፤ ያ ኪሎ ሜትር የትም አልተመዘገበም። በመጨረሻ አንዷን ድፍን ክዳን መሐሏን በመሰርሰሪያ ሸንቁሬ፣ በደቃቅ ሞረድ አራት ማዕዘን እስክትሆን ሞረድኳት። በእጄ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራባት እሷን ነው። ሰው መኪናዋን ሲያደንቅ ጎንበስ ብሎ እሷን እንዲያይ እፈልጋለሁ፤ ማንም አያይም።

ለምርመራው ራሱ ስዘጋጅ ከፍሬኑ ይልቅ ያደከመኝ ሌላው ነው። ፍሬን መቀየር ቀላል ለውጥ አይደለምና ከመግጠሜ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቄአለሁ፤ ገጥሞ መጥቶ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም። ተሽከርካሪ የሚመረመረውና የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ በግቢው መኪና የሚሠራ ሰው ቢያነበው አይጎዳም። የሻንሲ ቁጥሩ ያለው ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው። እኔ ቀለም ስቀባ እሱንም ደፍኜው ነበር። ሊብሬ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካልተነበበ ነገሩ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ በሞረድ ወይም በሸካራ ወረቀት ከነካካኸው ደግሞ ይብስ። ቲነር በጨርቅ አድርጌ፣ በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ ብቅ ሲል ፎቶ የሚታጠብ ይመስል ነበር። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፤ እሱ ጥላሸቱ ብቻ ተጠርጎ ታየ።

መብራቱ መጀመሪያ ባለ 6 ቮልት ነበር። 6 ቮልት የቮልስ መብራት ከኩራዝ ብዙ አይሻልም፤ ቀድሜ ወደ 12 ቀይሬዋለሁ። ካርቡራቶሩን ኮምቦልቻ አስተካክዬ ደሴ ስወጣ ታጨስ ነበር፤ ደሴ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ምርመራው ባለበት ከፍታ ማስተካከል ነው። እሳት ማጥፊያ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ላይ ያው መርማሪ ነበር። የፊቱ ቁጥር ግራና ቀኝ ተቀራርቦ መጣ። የእጅ ፍሬኑ ላይ ግን ሊጥለኝ ምንም አልቀረውም፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ታምቡሮ ነው፣ እኔ ደግሞ አዲሱን ሳቆላምጥ የኋላውን ረስቼዋለሁ። እዚያው ጥግ ላይ በክሪክ አንስቼ፣ በታምቡሮው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ፣ ጥርስ ያላቸውን ማስተካከያዎች ጎማው እስኪያዝ አዞርኩና ጥቂት መለስኳቸው። ሃያ ደቂቃ። መርማሪው ሻዩን ይዞ ከበላዬ ቆሞ ያይ ነበር። «ፊቷን ሙሽራ አድርገህ ኋላዋን እንዲሁ ተውካት» አለኝ። አልፌ ቦሎዬን ለጠፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፣ አብዛኛው ሐረጎ ላይ። ፔዳሉ አንድም ቀን አልለሰለሰም። አይስብም። ፓዱ ሲመጣ 10 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አሁን 7 ነው። ከአንዱ ቸርኬ ጋር ካሊፐሩ በጣም ስለሚቀራረብ ጎሚስታው በውስጥ በኩል የመታት የሚዛን እርሳስ እየጫረችው ነበር፤ በውጭ በኩል አስመታኋት፣ ድምፁ ጠፋ። ክረምቱን አልወደደውም። የደሴ ጭጋግና ዝናብ ዲስኩን በአንድ ሌሊት ቡናማ ያደርገዋል፤ ሰኞ ጠዋት ግቢውን ለቅቄ እስክወጣ እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል። ባለቤቴ «ሰፈሩን ለሥራ የምትቀሰቅሰው አንተ ነህ» ትለኛለች። ሦስት አራት ጊዜ ስትረግጠው ይጠራል፤ ሌላ ችግር የለውም። የፍሬን ዘይቱን ግን ክረምት ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ፤ ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የያዘ ዘይት ሐረጎ ላይ ቢፈላ ዲስክም አያድንህም።

እንደገና እገዛዋለሁ? ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ከሆነ፣ ባለ ሁለት መስመር ማስተር አብሮ እስከገጠመ ድረስ፣ አዎ። ሐይቅ ዳር ወይም ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚነዳት ግን በዚያ ገንዘብ ታምቡሮውን አስጠርቦ፣ አዲስ ሸራ አስመትቶ ሲሊንደሮቹን ቢቀይር ገና ለጎማ ይተርፈዋል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፦ ሸራ በየትኛውም ቀን ከተማ ወርደህ ታስመታለህ፣ ይህን ፓድ ግን እስካሁን እዚህ አላገኘሁትም፤ እንደገና የሰው ሻንጣ መጠበቅ ነው። አንድ ሰው አሮጌዎቹን ታምቡሮዎች ሊገዛኝ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ግራሶ ተቀብተው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው አልጋ ሥር ናቸው። አልሸጥኳቸውም።