የሲኮ 5ን የብረት ሰንሰለት በጎማ ማሰሪያ መቀየር፦ ከአዳማ ሙቀትና አቧራ አንጻር

በአዳማ ለሚኖርና መጠነኛ ዋጋ ያለው አውቶማቲክ ሰዓት ለሚያስር ሰው፣ ሰዓቱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የብረት ሰንሰለት አውልቆ በጥሩ የጎማ ማሰሪያ መተካት በጥቂት ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ማሻሻያ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ በገበያው ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ተሰቅለው የሚሸጡት የጎማ ማሰሪያዎች በጠባያቸው እጅግ ስለሚለያዩና ብዙዎቹም ለዚህ ከተማ አየር ስለማይስማሙ፣ ምስክርነቴ ለአንደኛው ዓይነት ብቻ ነው። እኔ የገጠምኩት ኤፍ ኬ ኤም ከሚባለው፣ ፍሎሪን ካለበት ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ጥቁር ማሰሪያ ሲሆን፣ የተገጠመለትም 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማሰሪያ የሚወስድ፣ ሲኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ሲኮ 5 ሰዓት ነው።

ሲኮ 5 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ ናቸው) በ1963 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ፣ በስሙ ላይ ያለው ቁጥር አምስት ቃል ኪዳኖችን የሚወክል ነበር፦ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን መሙላቱ፣ ቀኑንና ዕለቱን በአንድ መስኮት ማሳየቱ፣ ውኃ መቋቋሙ፣ መሙያው በ4 ቁጥር በኩል ገባ ብሎ መቀመጡ፣ በመጨረሻም አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ መሆናቸው። ከአምስቱ ውስጥ በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ቶሎ የሚዳከመው ከአምስተኛው ግማሹ፣ ማለትም ማሰሪያው ነው። ሰንሰለቱ ከታጠፈ ስስ ብረት የተሠራ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ይንኳኳል፣ የእጅ ፀጉርም ይነጫል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልኩ እንደ ቀኑ የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። አዳማ ላይ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የእጅ አንጓ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ሰንሰለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆዳ ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ለማላላት ደግሞ መቆለፊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ፒን በሹል ነገር ገፍቶ ማዛወርን ይጠይቃል። የጎማው ማሰሪያ በአንድ ቀዳዳ ሲላላ ጉዳዩ እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ጎማዎቹ ዓይነት ልምጣ፤ የገዢው ገንዘብ የሚድነውም ሆነ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። በብዛት የሚገኘውና ርካሹ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ ሙቀትንም ይቋቋማል፣ በመጀመሪያው ቀን እጅ ላይ ሲያርፍ ከሁሉም ይመቻል። ነገር ግን ብናኝ ይስባል፤ የከተማችንን ነፋስ የሚያውቅ ሰው፣ በዳርቻዋ ኮረብቶች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አይቶ ነፋሱ ምን ያህል እንደሆነ የሚገምት ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ጥቁር የሲሊኮን ማሰሪያ ከቤት እስከ ባጃጅ ተራ ባለው መንገድ ብቻ አመድማ መልክ ይይዛል። ከዚህም በላይ አንዴ ጠርዙ በስለት ከተነካ ወይም ቀዳዳው አካባቢ ከተሰነጠቀ መቀደዱን ይቀጥላል። የተፈጥሮ ጎማ በአንጻሩ ጠንካራና ደስ የሚል ስሜት ያለው ነው፤ የስዊዘርላንዱ ሰዓት አምራች ኡብሎ በ1980 የወርቅ ሰዓት ላይ የተፈጥሮ ጎማ ገጥሞ ብቅ ካለ ወዲህም በውድ ሰዓቶች ዘንድ ክብር አግኝቷል። ይሁንና የፀሐይ ብርሃንና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ከጊዜ ብዛት ያደርቁታል፣ ያሰነጥቁታል፤ ዘይትም ያበላሸዋል፤ የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ሊያስረው አይገባም። ፖሊዩሪቴን የሚባለው በርካሽ ዲጂታል ሰዓቶች ላይ የምናውቀው ሲሆን፣ ላብና እርጥበት ባለበት ለዓመታት ሲቆይ ደርቆ የመሰበር ጠባይ አለው።

ኤፍ ኬ ኤም የተወለደው ለሰዓት አልነበረም። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫይተን በሚል የንግድ ስም በ1957 ለገበያ ሲያቀርበው፣ የተፈለገው ነዳጅና ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም የአውሮፕላን ማሸጊያ ለመሥራት ነበር። ዛሬም በአዳማ ጋራዦች ለከባድ መኪና ሞተር ከሚገጠሙት ኦሪንጎችና የዘይት ሲሎች መካከል ሙቀት የሚበዛበት ቦታ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጎማ የተሠራው ነው። እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ለተዘጋጀ ነገር የእኛ ፀሐይ፣ ላብና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ፈተና አይሆኑበትም። አቧራ ሲያርፍበት በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታሽ ይለቃል፤ ገጽታው የማያንጸባርቅ ስለሆነም ለቢሮም ለሠርግም አያሳፍርም። ከሚጎዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ነው፤ እሱ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሻጮች ሁሉንም «ኦሪጅናል ኤፍ ኬ ኤም ነው» ብለው ስለሚያቀርቡ መለያውን ማወቅ ይጠቅማል። ኤፍ ኬ ኤም ከሲሊኮን በግልጽ የሚከብድ ነው፤ የአንዱ እፍጋት ከውኃ ወደ 1.8 እጥፍ ሲሆን የሌላው ከ1.2 እጥፍ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለቱን በሁለት እጅ ይዞ መመዘን ብቻ ብዙ ይናገራል። ሲሳብ እንደ ላስቲክ ከመለጠጥ ይልቅ እምቢ ይላል፤ ሲታጠፍ ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ዋጋውም ከሲሊኮኑ ብዙ እጥፍ ነው፤ በሲሊኮን ዋጋ ኤፍ ኬ ኤም አገኘሁ የሚል ሰው ሲሊኮን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ጎማ ስጽፍ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው አንድ ጉዳይ አለ። በ2024 በአሜሪካ የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍሎሪን ባላቸው የዘመናዊ ሰዓትና የስፖርት መከታተያ ማሰሪያዎች ላይ ፒ ኤፍ ኤች ኤክስ ኤ የተባለ፣ በተፈጥሮ በቀላሉ ከማይበሰብሱት ኬሚካሎች የሚመደብ ንጥረ ነገር ከፍ ባለ መጠን ማግኘታቸውን አሳትመዋል። ከቆዳ አልፎ ወደ ሰውነት ምን ያህል እንደሚገባና ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ገና በመጠናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ሲሊኮንን በአማራጭነት አቅርበዋል። እኔ ሰዓቴን ማታ ስለማወልቀውና ስፖርት ስሠራም ስለማላስረው በምርጫዬ ጸንቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አስሮ ለሚተኛ ሰው ወይም ለልጅ ግን ኤፍ ኬ ኤምን አልመክርም፤ ሲሊኮን ገዝተው አቧራውን ቢታገሱ ይሻላል።

ማሰሪያውን ያስገጠምኩት በገበያው አቅራቢያ በትንሽ የመስታወት ሣጥን ሥራውን ዘርግቶ ከሚሠራ ሰዓት ሰሪ ዘንድ ነው፤ ለእጅ ሥራው የጠየቀኝ ገንዘብም ከማሰሪያው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ሥራውን በአክብሮት ልጠቅሰው እወዳለሁ። ሰንሰለቱን ከማውጣቱ በፊት ማሰሪያው የሚገባባቸውን የሰዓቱን ጆሮዎች በፕላስተር ሸፈናቸው፤ ይህ ብረቱ እንዳይጫር የሚደረግ ጥንቃቄ ሲሆን ብዙዎች ይዘሉታል። ቀጥሎም ከማሰሪያው ጋር የመጡትን ባለ ስፕሪንግ ፒኖች በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ፈተሻቸውና አንደኛውን ወደ ጎን አስቀመጠው። «ጎማው ዕድሜ ልክ ቢያገለግልዎት፣ ይቺ ከወለቀች ሰዓቱ የለም» አለኝና ከራሱ ዕቃ ወፍራም የሆነ ፒን ተካበት። ፍጹም ትክክል ነው። ማሰሪያውን በጥንቃቄ መርጦ ፒኑን ችላ የሚል ገዢ ሰዓቱን ባጃጅ ውስጥ ጥሎ ሊወርድ ይችላል። ከተገጠመ በኋላም ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ በሁለቱም በኩል ስቦ አሳየኝ፤ ይህን ማንኛውም ሰው ከሱቅ ሳይወጣ ሊያደርገው ይገባል።

ጫፉ ቀጥ ያለ ማሰሪያ ስለመረጥኩ በአካሉና በማሰሪያው መካከል ትንሽ ክፍተት ይታያል። በሰዓቱ ክብ ልክ ተጠማዝዞ የሚሠራው ዓይነት ክፍተቱን ይዘጋዋል፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ግን ለአንድ ሞዴል ብቻ ይሆናል፤ ክፍተቷ ደግሞ አየር ስለምታስገባ ለእኛ ሙቀት እመርጣታለሁ። በጠላቂ ሰዓቶች ላይ የሚታየውን እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ማሰሪያም አልፈለግሁም፤ ሲኮ በ1975 ያመጣው ይህ ቅርጽ ጠላቂው ወደ ጥልቅ ባሕር ሲወርድ ልብሱ ሲጨመቅ ማሰሪያው አብሮ እንዲሰበሰብ የታሰበ ነውና ከተማ ውስጥ ውፍረት ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም።

ጎማ አየር አያሳልፍም፤ ስለዚህ ላብ ከሥሩ ይጠራቀማል። የእኔው በውስጥ በኩል ቦይ ስላለው ጥቂቱን ያስወጣል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ማታ ሲወልቅ በለብታ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ቆዳን ማሳከኩ አይቀርም። የጎማ ማሰሪያ ሰዓቱን የዋና ሰዓት እንደማያደርገውም አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ የቀድሞ ሲኮ 5 ሰዓቶች የሚቋቋሙት 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው፤ ያም እጅ ሲታጠቡ ለሚረጭ ውኃና ለዝናብ ነው። ሶደሬ የሚወርድ ሰው ሰዓቱን ከልብሱ ጋር ትቶት ይግባ፤ ሙቅ ውኃ የውስጥ ማሸጊያዎቹን ያዳክማልና ከተራው ገንዳ ይልቅ የሚያሰጋው ፍል ውኃው ነው።

ቅሬታዬ በሁለት ነገር ላይ ነው። ርዝመቱ ለቀጭን እጅ አይሆንም፤ ጫፉ ሁለቱንም ማቀፊያ ቀለበቶች አልፎ ይወጣል፤ ስለዚህ እጁ ቀጭን የሆነ ሰው አጭሩን ልክ ጠይቆ መግዛት አለበት። ሁለተኛው ዘለበቱ ነው፤ እንዲህ ላለ ጎማ የማይመጥን፣ ጠርዙ ያልተላገ ቀላል ብረት ነበር። ማሰሪያው በዘለበቱ በኩል ወደ 16 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ፣ በዚያው ልክ ከአሮጌ የቆዳ ማሰሪያ የወለቀ የማይዝግ ብረት ዘለበት ሰዓት ሰሪው ዘንድ አግኝቼ አስቀይሬዋለሁ።