ካሊስቶ ወይስ ዩሮፓ? በረዷማ ጨረቃ ላይ የግጭት ጉድጓድ ለማጥናት የቱ ይሻላል?

ጥርት ባለ ሌሊት ከእንጦጦ ጋራ ወይም ከሱሉልታ ሜዳ ጁፒተርን በ10×50 ባይናኩላር ብታዩ ሁለቱም የጁፒተር ጨረቃዎች፣ ካሊስቶና ዩሮፓ፣ ነጥብ ብቻ ናቸው። ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፉ፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ነጥቧም ትጠፋለች። ከሕዋ የሚወድቁ አለቶች ገጻቸው ላይ የቆፈሯቸውን የግጭት ጉድጓዶች ያሳዩን ቮያጀርና ጋሊልዮ የተባሉት መንኮራኩሮች ናቸው።

ለማግኘት፦ ካሊስቶ ትቀላለች፤ ከጁፒተር 1.88 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ትርቃለች። ዩሮፓን ግን በ671 ሺህ ኪ.ሜ. ላይ የጁፒተር ብርሃን ይውጣታል።

ዕድሜ፦ ገጽ ባረጀ ቁጥር ጉድጓድ ይበዛበታል። የካሊስቶ ገጽ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። የዩሮፓ ከ40 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት፤ ትልልቆቹ በጣት ይቆጠራሉ።

ቅርጽ፦ እዚህ ላይ ዩሮፓ ትማርካለች። ፑይል የተባለው ጉድጓድ 26 ኪ.ሜ. ገደማ ይሰፋል፤ ወለሉ ግን ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከሥር ያለው ሞቅ ያለ በረዶ እንደ ሊጥ እየተሳበ ሞልቶታል። ጥልቀት ስላነሰው ግጭቱ ደካማ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ካሊስቶ ላይ ያለው ቫልሃላ የተባለው ግዙፍ የግጭት ጉድጓድ ደግሞ በዙሪያው ያሉት ቀለበቶች 3,800 ኪ.ሜ. ያህል ይሰፋሉ።

ስጋት፦ የዩሮፓ ትናንሽ ጉድጓዶች አብዛኞቹ ትልቅ ግጭት የረጨው በረዶ ተመልሶ ሲወድቅ የቆፈራቸው ናቸው። ሁሉንም ቆጥሮ ዕድሜ ማስላት ያሳስታል።

ለጀማሪ ቆጠራና ለጥንት ታሪክ ካሊስቶን ያዙ፤ የበረዶው ቅርፊትና ከሥሩ አለ ተብሎ የሚታሰበው ውቅያኖስ ለሚያጓጓችሁ ዩሮፓ ትሁንላችሁ።