በደህናው ቀን ሁሉን መጨረስ ወይስ ከፋፍሎ መሥራት?

ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያሳምም ሕመም) ያለባት እናት ዛሬ ቀለል ብሏት ነቃች እንበል። ሁለት መንገድ አላት።

አንዱ «ሳይብስብኝ ልጨርሰው» ብሎ ሁሉንም ባንዴ መያዝ ነው። እንጀራው ይጋገራል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ቤቱ ይወለወላል። ደስታው ትልቅ ነው፤ እሱን አልንቅም። በማግስቱ ግን ጣቶቿ አብጠው ስኒ ማንሳት ሊያቅታት ይችላል። የቀረው ሥራ ያስጨንቃታል፣ ጭንቀቱ እንቅልፍ ይነሳታል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል።

ሌላው ከፋፍሎ መሥራት ነው። ይህ ሕመም ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያን ግትር ያደርጋል፤ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ። ስለዚህ ምጣዱ ረፋድ ላይ ይጣድ። ጥቂት ጋግሮ፣ ገና ሳይደክሙ ቁጭ ማለት። ከደከሙ በኋላ ማረፍማ ዘግይቷል። ውሃው በትንንሽ ጀሪካን ይቀዳ፣ ልብሱ ለነገ ይደር። ቡናው ግን አይቅር! ልጆቹ ይውቀጡት፣ እሷ ታፍላው።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሚከብደው «ዛሬ ደህና አይደለሽ እንዴ?» የሚለውን ሰው መቋቋም ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛትም አይበጅም፤ ልከኛ እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል። ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲመጣ የመጀመሪያው መንገድ ግድ ይሆናል። ያኔ ማግስቱን ከወዲሁ ለዕረፍት መተው ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ደግሞ በደህናውም ቀን አይዘለልም።