ሽምግልና ወይስ ፍርድ ቤት?

መንዝ ውስጥ የጎረቤት በሬ ገብስዎን በላ እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ካሳውን የት ይጠይቁ?

ሽምግልና ቅርብ ነው፤ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ሽማግሌዎቹ ማሳውንም ሰዎቹንም ያውቃሉ። ካሳው በእህል ቢሆንም ችግር የለም። ነገ አብረው ደቦ ለሚወጡ ሰዎች እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ግን ይሉኝታ አለ። አቅም የሌላት ባልቴት ከሀብታም ጎረቤቷ ጋር ስትጣላ «ለእግዜር ብለሽ ተዪው» ትባላለች። ይሄ እርቅ ነው ወይ? ፍርድ ቤት ምልልሱ ያደክማል፤ ወጪም አለው። ሆኖም ማስረጃ ይሰማል፤ ያልተስማማ ይግባኝ ይላል፤ ፍርዱም በግድ ይፈጸማል። እሷን ብሆን ክስ እመሠርታለሁ። መብቷም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ተቀምጧል።

ነፍስ ከጠፋ ምርጫ የለም። ደም ማድረቅ ቤተሰብን ያስታርቃል እንጂ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

ሽምግልና ከመረጡ ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ያስፈርሙ። ሽማግሌ «ለሚቀጥለው እሑድ» እያለ ካራዘመም ንቁ፦ እንዲህ ያለ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ (በሕግ የተወሰነ የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል።