በእጄ የገጣጠምኩት ትራክቦል ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ማውስ ከእጄ አይወጣም። የቀኝ እጄ አንጓ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ስለዚህ ካናዳ ያለ ዘመዴ ተገጣጣሚ ትራክቦል ይዞልኝ መጣ። ከመስከረም ወዲህ ሥራዬ ሁሉ በእሱ ነው።

ትራክቦል ባለበት ተቀምጦ የሚሠራ ማውስ ነው። ላዩ ላይ ያለችውን ኳስ በጣት ማሽከርከር ነው፤ ሴንሰሩ (እንቅስቃሴ የሚለየው ክፍል) ከሥር የኳሷን ገጽ እያነበበ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። የእኔዋ ኳስ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት።

ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ተበይዶ ስለመጣ ስታኞ አላስፈለገኝም። አንድ ካቻቢቴ በቃ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ኩሽኔታው ነው። ኳሷ በሦስት ቦታ ትደገፋለች። በየቦታው ሽንብራ የምታህል ኩሽኔታ ቀጭን ዘንግ ላይ ትሰካለች፤ ዘንጉ ደግሞ ቀፎው ላይ በተሠራለት ቦይ ተጭኖ ይገባል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ኩሽኔታዋ ብትወድቅ እንዳትጠፋ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ማንጠፍ ጥሩ ነው። ቀፎው በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃ በሚሠራ ማሽን፣ የታተመ ስለሆነ ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል።

መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ መምረጥ ያንቀራፍፋል። ጣት ሲለምድ ግን ይፈጥናል። በጣም የወደድኩት አንዱን ቁልፍ ይዤ ኳሷን ሳሽከረክር ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች መሄዱን ነው። ረጅም ጽሑፍ ሲታረም ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው! የቁልፎቹ ቅንብር የሚቀመጠው ራሱ ቦርዱ ላይ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካም አይጠፋም። ጠረጴዛዬ በወረቀት ቢሞላም አያስቸግረኝም። የእኛ ከተማ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ክንዴን ጋቢ ውስጥ አድርጌ በጣቶቼ ብቻ እሠራለሁ። አንጓዬም በጣም ቀሎታል።

ድምፁ ግን አለ። ኳሷ በፍጥነት ስትዞር ኩሽኔታዎቹ ይንጎራጎራሉ፤ ጸጥ ባለ ክፍል ይሰማል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። የሹራብና የጋቢ ብናኝም ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ያኔ ኳሷ ትንገጫገጫለች፣ ቀስቱም ይዘላል። ኳሷን አውጥቼ ብናኙን በወረንጦ እለቅማለሁ፤ የሴንሰሩን መስታወት በደረቅ ጥጥ እጠርጋለሁ። አንዷ ኩሽኔታ መንገጫገጭ ስትጀምር ራሴ ፈትቼ ቀየርኳት። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ማውስ ቢሆን ኖሮ መጣል ነበር ዕጣው። የቀፎው ዲዛይን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ቢሰበር እንኳ ክፍሉን ብቻ ማሳተም ይቻላል።

ቀኑን ሙሉ ለሚተይብና ለሚያርም ሰው ያለ ማመንታት ግዙ እላለሁ። ስታዝዙ ግን ትርፍ ኩሽኔታ አብራችሁ አስመጡ፤ ያን መጠን እዚህ ገበያ ላይ አላገኘሁትም።